የአባ ኮዳ ላባ

ሚስቴ ሳቀች፣ ቢላዋዋን በሽርጧ እያበሰች፦
«አሞራ ገደል ቆመህ ዝንብ ትሠራለህ?» አለች።
«ይኸው ዝንብ በሽ በሽ፣ ሆድ ዕቃው ላይ ሰፍሯል፤
የኔ ባል በዚህ ዕድሜው በክር ዝንብ ያስራል!»

እውነቷን ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መረብ ጥዬ ሳነሳ
አታልዬ አላውቅም፤ አጥር ነው የዘረጋሁት ለዓሣ።
ቆሮሶው የሚያድርበትን ቄጠማ አውቃለሁ፣
አምባዛው ጭቃ ውስጥ ሲያዛጋ እሰማለሁ፣
ነፋስ በታቦር በኩል ከዞረ መቅዘፊያዬን አነሳለሁ።
ግን ሐይቃችን መውጫ የለው፤ የገባው ውሃ ይቀራል፤
እኔም እንደሱው ነኝ፤ አንዴ የገባብኝ ነገር ያድራል።
የሚሄድ ውሃስ እንዴት ነው? በየት ይቆማል ዓሣው?
ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ፊቱን የሚያዞረው?

ይህን ነገር ያመጣብኝ ዳንጊሶ ነው፣ ሾፌሩ፤
ሰበቡም ጎማው ፈንድቶ ዲንሾ ላይ ማደሩ።
«ከወይብ ወንዝ ዳር» አለኝ «አንድ ሽማግሌ አየሁ፤
ውሃ ውስጥ ቆሞ ጅራፍ ሲያወናጭፍ፣ ያበደ መስሎኝ ቆየሁ።
ጅራፉ ጫፍ ላይ ዝንብ፣ ዝንቡን የጎረሰ ዓሣ፤
ጎኑ በርበሬ የነሰነሱበት፤ ሲፈራገጥ እንደ አንበሳ።
ትራውት ይሉታል።» ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤
አፌ አልለምደው ሲል በሲዳምኛ ለዛ አልኩት።

ዕቅዱ እንዲህ ነው፤
በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ፣ በልጄ እርሳስ የተጻፈ፦
ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሻሸመኔ፤ ከዚያ በኮፈሌ ያለፈ፤
ዶዶላ ምሳ (ዳንጊሶ ይከፍላል፣ ዕዳ አለበት)፤
አዳባ ዝናብ ከያዘን፣ እዚያው የምናድርበት፤
ዲንሾ፣ የፓርኩ ቢሮ፣ ፈቃድ። ዋጋውን አላወቅሁትም፤
ባዶ ቦታ ተውኩለት። ባዶ ቦታ አይዋሽም።

ወሩስ? ክረምት ውሃው ደፍርሶ መንጠቆም አይታይ አሉ፤
በጋው ሲጠና ይቀጥናል፤ ዓሦቹ ጥላህን ይሰልላሉ።
ኅዳር ነው እንግዲህ፤ ገብሱ ሲደርስ፣ ውሃው ሲጠራ፤
ብርዱ አጥንት ይገባል ይላሉ። ጋቢ ሁለት፣ ካልሲ አራት፣ ከአማቼ ካፖርት ጋራ።

ዘንጉን ከሁላ ቀርከሃ ፈለጥኩ፤ ሦስቱ ተሰበረ፤
አራተኛው ጎብጦ ቀና፤ እሱ ጣሪያ ሥር አደረ።
ማታ፣ ኳሱ ሲበተን፣ ሜዳው ላይ እቆማለሁ፤
ክሩ ጫፍ ጨርቅ አስሬ አሮጌ ጎማ ላይ እጥላለሁ።
«ጋሽ በራሶ ሳቱ!» ይላሉ ልጆች እየቆጠሩ፤
«የኋላው ሳይዘረጋ» አለችኝ አንዷ «የፊቱን አይወርውሩ።»
ከዚያ ወዲህ እቆያለሁ፣ ክሩ ከጀርባዬ እስኪዘረጋ፤
ሠላሳ ዓመት ጀርባዬን አላየሁ፣ ሲመሽም ሲነጋ።

የቀረው ዝንቡ ነበር።
አባ ኮዳ፣ ያ መላጣ፣ የገበያችን ሹም፣
ካፖርት ለብሶ የሚለምን፣ ጠገብኩ የማይል መቼም፣
ከጅራቱ ሥር አንድ ላባ፣ እንደ ጉም የሳሳ፣ ጣለ።
ኩባያ ውስጥ ነከርኩት፤ ተንፈስ አለ፤ ነፍስ ያለው መሰለ።
በሚስቴ ቀይ ክር መንጠቆ ላይ ጠመጠምኩት፤
አስቀያሚ ሆነ። ፈታሁት። ደግሜ ሠራሁት።
ሰባተኛው ዝንብ መሰለ። ሚስቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ
በመዳፏ ይዛ እፍ አለችው፣ በርሮ እንደሚወጣ።
አልሳቀችም።
«ክሬን ግን ትተካለህ» አለች።

ያንን ውሃ አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝ፤ እኩል ነን።
ይኸው ነው የሚያስፈራኝ፤ ይኸው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ ከአሁን አሁን።

አባ ኮዳ ከጀልባዬ ጫፍ ቆሞ ያየኛል አፍጥጦ፣
ላባውን እንዳወቀ ሰው፣ ድርሻውን ሊጠይቅ ቆርጦ።
«ሆድ ዕቃው ያንተ ነው» አልኩት፤ «ከያዝኩ፣ ደግሞም ከተመለስኩ።»
ዞር ብሎ ሌላ ጀልባ አየ። እኔም ከረጢቱ ላይ ጻፍኩ፦
ሐሙስ። ጎሕ ሲቀድ።
ክር መግዛት። ቀይ።